የሃሪስ ካውንቲ የጎርፍ ዌብሳይት፦ ሂዩስተን ላላችሁ ሪቪው (ከ5 4 ኮከብ)

ሃሪኬን ሲዝን ሲገባ የኛ ሰው የቴሌግራም ግሩፕ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ አንዱ ከቲቪ ላይ ካርታ አንስቶ ይለጥፋል፣ አንዱ "ካታጎሪው ስንት ነው?" ይላል፣ ሌላዋ "ውሃ ከየሱቁ እያለቀ ነው ፍጠኑ" ትላለች፣ ከዛ እማዬ ከአዲስ አበባ ትደውላለች "ልጄ ዜና ላይ አየሁ ደህና ናችሁ ወይ" ብላ። በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል "የሰፈራችሁ ባዩ ስንት ደረሰ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን አላየሁም። ባዩ ማለት ከተማውን አቋርጦ ዝግ ብሎ የሚሄድ ወንዝ ነው፣ ሂዩስተን ውስጥ ሰው የሚያስለቅሰው ደሞ እሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ሳንቲም ስለማይከፈልበት ነገር ነው፣ ሃሪስ ካውንቲ ፍለድ ዋርኒንግ ሲስተም ስለሚባለው ዌብሳይት። ስሙን እንዳለ ጎግል ላይ ፃፉት ይመጣል።

ምንድነው ላላችሁ፣ የካውንቲው ፍለድ ኮንትሮል ዲስትሪክት ከ150 በላይ ቦታ ላይ፣ አብዛኛው ባዩና ክሪክ የሚያቋርጡ ድልድዮች አጠገብ፣ መለኪያ ተክሏል። ጌጅ ነው የሚሉት። አንዱ ስራው የዘነበውን መቁጠር ነው፣ ሌላው ባዩው ውስጥ ያለው ውሃ የት እንደደረሰ ማየት። ያገኘውን በሬዲዮ ይልካል፣ እናንተ አልጋችሁ ላይ ሆናችሁ ስልካችሁ ላይ ታዩታላችሁ። በቃ ይሄው ነው። ግራፊክስ የለው፣ ጃኬት ለብሶ ዝናብ ውስጥ የሚጮህ ጋዜጠኛ የለው።

ለምን ይሄን ያህል እንደወደድኩት ለመናገር ግን ስለ ካታጎሪ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም የኛን ሰው የሚያታልለው እሱ ቁጥር ነው። ካታጎሪ፣ ማለትም ከ1 እስከ 5 ያለው የሃሪኬን ደረጃ፣ የሚለካው የንፋስ ጉልበት ብቻ ነው። ዝናቡ ስንት እንደሚሆን አይነግርህም፣ ከሁሉ በላይ ደሞ ስቶርሙ ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደሚሄድ አይነግርህም። ፈጣን ስቶርም ጣሪያ ነቅሎ መብራት ቆርጦ ያልፋል፣ እንደ ቤሪል በ2024፣ ያኔ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቤትና ድርጅት መብራት አጥቶ በጁላይ ሙቀት ተቀቅለናል። ቀስ የሚለው ግን ሌላ ፀባይ አለው፣ እያሳሳቀ ነው የሚወስድህ።

ሃርቪን አስቡት እስቲ፣ 2017። የዛ ስቶርም ህይወት ራሱ የሚገርም ነው። ከአፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ የወጣ የአየር ሞገድ ነበር፣ ኦገስት አጋማሽ ላይ (እግረ መንገዴን፣ እነዚህ በክረምት አፍሪካን አቋርጠው አትላንቲክ የሚገቡት ሞገዶች ብዙዎቹ የሚነሱት ከዳርፉር ተራሮችና ከኢትዮጵያ ደጋ አካባቢ ነው ይላሉ ሳይንቲስቶቹ፣ እኛ ሀገር ክረምቱ ሲያጓራ እዚህ ሂሳቡ ይመጣል ማለት ነው)። ኦገስት 17 ባርቤዶስ አጠገብ ስም ወጣለት፣ ከሁለት ቀን በኋላ ካሪቢያን ላይ ተበታትኖ ሞተ ተባለ። ሞቷል የተባለው ነገር ሜክሲኮ ጋ ካምፔቼ ባህረ ሰላጤ ደርሶ ኦገስት 23 ተነሳ፣ ከዛ በሁለት ቀን ውስጥ ካታጎሪ 4 ሆኖ፣ በሰዓት 215 ኪሎ ሜትር ንፋስ ይዞ፣ ኦገስት 25 ማታ ሮክፖርት አጠገብ መሬት ረገጠ። ከ2005ቱ ዊልማ ወዲህ ካታጎሪ 3 ወይ ከዛ በላይ ሆኖ አሜሪካ ምድር ላይ የወረደ አልነበረም።

ሮክፖርት ደሞ ከሂዩስተን ሶስት ሰዓት ምናምን ያስነዳል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ብዙ ሰው ምን አለ፣ "ተመስገን አለፈን" አለ። እውነትም ንፋሱ እየሞተ ነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሃሪኬን መሆኑ ቀርቶ ትሮፒካል ስቶርም ተባለ፣ ካታጎሪ የሚባለው ቁጥር ራሱ ጠፋ። ችግሩ የጀመረው እዚህ ጋ ነው። ስቶርም በራሱ እግር አይሄድም፣ ላይ ያለው ንፋስ ነው የሚገፋው፣ ያኔ ደሞ በምዕራብም በምስራቅም ከፍተኛ የአየር ግፊት ግራና ቀኝ ይዞት የሚገፋው ንፋስ ጠፋ። ቆመ። ግማሽ ሰውነቱ መሬት ላይ፣ ግማሹ የሞቀው ገልፍ (የሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ) ላይ፣ ከባህር እየቀዳ እኛ ላይ ያወርዳል። ቀን ያባራ ይመስልና ማታ ይብሳል። ሰኞ ለት ጭራሽ ወደ ባህር ተመልሶ ወጣ፣ ከዛ ረቡዕ ኦገስት 30 ሉዊዚያና ካሜሮን አጠገብ እንደገና ገባ።

እዚሁ ቴክሳስ ኔደርላንድ የምትባል ከተማ ላይ የተለካው ዝናብ 60.58 ኢንች ነው፣ ወደ 1539 ሚሊ ሜትር። አዲስ አበባ አመቱን ሙሉ ከምታገኘው ዝናብ ይበልጣል፣ በቀናት ውስጥ። ሃሪስ ካውንቲን ብቻ ብንወስድ በአራት ቀን በአማካይ 33.7 ኢንች፣ አንድ ትሪሊዮን ጋሎን ውሃ ነው ያሉት። የአየር ትንበያ ቢሮው የዝናብ ካርታው ላይ ቀለም አልቆበት አዲስ ወይን ጠጅ ቀለሞች መጨመር ነበረበት። ቴክሳስ ውስጥ ስቶርሙ በቀጥታ ከገደላቸው 68 ሰዎች ከሶስቱ በስተቀር ሁሉንም የገደላቸው የዝናቡ ጎርፍ ነው፣ ንፋሱ አይደለም። የጉዳቱ ግምት 125 ቢሊዮን ዶላር። ከዚህ በኋላ "ካታጎሪው ስንት ነው" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሊንኩን ነው የምልክለት።

ሃርቪ ብቻ ቢሆን ደግ፣ አንዴ የመጣ መአት ነው ብለን እናልፈው ነበር። በ2001 አሊሰን አንድም ቀን ሃሪኬን ሳይሆን የሂዩስተንን ሜዲካል ሴንተር፣ የትልልቆቹን ሆስፒታሎች ሰፈር፣ አጥለቅልቆ ሄደ። ሃሪኬን ሳይደርስ ስሙ ሁለተኛ እንዳይሰጥ የተደረገ የመጀመሪያው የአትላንቲክ ስቶርም እሱ ነው። በ2019 ኢሜልዳ ስም ወጥቶለት ብዙም ሳይቆይ ፍሪፖርት ላይ መሬት ገባ፣ ደካማ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ስራ ሄደ፣ እውነተኛው ዶፍ የወረደው ግን ከሁለት ቀን በኋላ ሐሙስ ለት፣ ስቶርም መባሉ ካበቃ በኋላ ነው፣ ቦሞንት በኩል ከ40 ኢንች በላይ ተለካ። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ደሞ ከ1949 እስከ 2016 ድረስ እነዚህ ስቶርሞች በአለም ደረጃ ጉዟቸው በ10 ፐርሰንት ያህል ዝግ ማለቱን ነው ያገኘው። እንግዲህ አስቡት።

ወደ ዌብሳይቱ። ስትከፍቱት ካርታ ይመጣል፣ ካርታው ላይ ጌጆቹ ተበትነዋል። ከላይ የዝናቡን ሰዓት መምረጥ ትችላላችሁ፣ ያለፈው አንድ ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ሃያ አራት ሰዓት እያለ ይሄዳል። ቀስ ላለ ስቶርም የአንድ ሰዓቱንና የሃያ አራት ሰዓቱን አንድ ላይ ማየት ነው ጥሩው፣ ምክንያቱም መሬቱ ትናንት ጠጥቶ ከጠገበ ዛሬ የሚወርደው ሁለት ኢንች ቀጥታ ባዩ ነው የሚገባው። ከዛ ወደ ውሃ ከፍታ ትቀይሩታላችሁ። እዚህ ጋ ሰው ይደነግጣል፣ ቁጥሩ 50 ጫማ 60 ጫማ ይላል፣ ውሃው 60 ጫማ ጥልቅ ነው ማለት አይደለም፣ ከባህር ወለል በላይ ነው የሚቆጥረው። ቁጥሩን ለብቻው አትዩት። ጌጁን ስትነኩት የባዩው አፋፍ የት እንደሆነ አብሮ ያሳያል፣ ማየት ያለባችሁ ውሃው ከአፋፉ ስንት እንደቀረው ነው። አንዳንዱ ላይ የድሮ ጎርፎች የት ደርሰው እንደነበረም ተፅፏል፣ የሃርቪን ስታዩት ቀና ብላችሁ ጣሪያችሁን ታያላችሁ።

ቀለሙ ደሞ ግሩም ነው። አረንጓዴ ከሆነ ውሃው ቦታው ላይ ነው፣ ቢጫ ተጠንቀቁ፣ ቀይ ችግር። ዋናው ፅሁፍ እንግሊዝኛ ነው፣ ግን አሊፍ ሰፈር አፓርትመንት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ ስልካቸው ላይ ከፍቼ የሰፈራቸውን ጌጅ አሳየኋቸውና "ጋሼ፣ አረንጓዴ ከሆነ ይተኙ፣ ቢጫ ሲሆን ይደውሉልኝ" አልኳቸው። አሁን ከኔ በፊት እሳቸው ናቸው የሚነግሩኝ፣ ትንሽ ባካፋ ቁጥር "ኪገንስ ከፍ ብሏል ዛሬ" ይሉኛል፣ የሰፈራቸውን ባዩ ማለታቸው ነው። ቡና ላይ ሁሉ ወሬያቸው እሱ ሆኗል።

እኔ ራሴ የሌሊት ሺፍት ስለምሰራ ከመውጣቴ በፊት መንገዴ ላይ ያሉትን ጌጆች አያለሁ። ብሬይስ ባዩ ወደ ቀይ እየሄደ ከሆነ በሜየርላንድ በኩል አልሞክራትም፣ ያ ሰፈር በ2015፣ በ2016፣ በ2017 በተከታታይ ውሃ የገባበት ነው። ባዩውን ካሰፉት ወዲህ ይሻላል ይባላል፣ ይሻል፣ እኔ ግን በሌላ በኩል ነው የምሄደው። ሃርቪ ጊዜ ብዙ ሰው መኪናው ውስጥ ነው ያለቀው። ሺፍት ከቀረሁ የአንድ ቀን ብር ነው የሚቀርብኝ፣ አለቃዬም ቢቆጣ ይቆጣ።

አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ከዌብሳይቱ ብዙ እንዳትጠብቁ ነው። ጌጁ ያለው ባዩ ላይ ነው፣ የናንተ መንገድ ላይ አይደለም። የሰፈራችሁ ቱቦ ከደፈነ ወይ ዝናቡ ከፈጠነ ባዩው አረንጓዴ ሆኖ እያለ አንደርፓሱ ሀይቅ ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ምንም ጌጅ አይነግራችሁም። ሁለተኛ፣ የሚያሳየው አሁን ያለውን ነው፣ ከሶስት ሰዓት በኋላ የሚመጣውን ለማወቅ የአየር ትንበያ ቢሮውን ማየት አለባችሁ። ሶስተኛ፣ ዋናው ስራው ሃሪስ ካውንቲ ነው። ሹገርላንድና ሪችመንድ ያላችሁ የብራዞስን ወንዝ ተከታተሉ፣ ምክንያቱም ወንዙ ከሩቅ ነው ውሃ የሚያመጣው፣ በሃርቪ ሪችመንድ ላይ ከ55 ጫማ ያለፈው ሴፕቴምበር 1 ነው፣ ፀሀይ ወጥታ ሰው ካርፔቱን እያወጣ እያለ።

ዝናብ ቆመ ማለት ውሃ ቆመ ማለት አይደለም ስላችሁ አዲክስንና ባርከርን አስታውሱ። በ1940ዎቹ ዳውንታውንን ከጎርፍ ለመከላከል የተሰሩ ግድቦች ናቸው፣ ሃርቪ ሲሞላቸው ኦገስት 28 ሌሊት ወደ ቡፋሎ ባዩ መልቀቅ ተጀመረ፣ ከታች ያሉ ሰፈሮች ዝናቡን ተርፈው በተለቀቀው ውሃ ቤታቸው ለቀናት ተዘፍቆ ቆየ። ከግድቡ ጀርባ ያለው ሰው ደሞ ቤቱ የግድቡ ሆድ ውስጥ እንደተሰራ ያወቀው ውሃው ሳሎን ሲገባ ነው። ሰማዩን አይቶ ለሚወስን ሰው ይሄ አይታይም፣ ጌጁ ላይ ግን ይታያል።

ቤት ልትገዙ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሪቪው ትንሽ ቢወጣም። አንድ የቤት ደላላ፣ የኛው ሰው፣ "ይሄ ፍለድ ዞን አይደለም፣ የጎርፍ ኢንሹራንስ ምን ያደርግልሻል" ሲላት ሰምቼ ደሜ ፈላ፣ የአክስቴን ልጅ። በሃርቪ ሃሪስ ካውንቲ ውስጥ ውሃ የገባባቸው ቤቶች ከ154 ሺህ በላይ ናቸው፣ ከነዚህ ውስጥ 70 ሺህ ያህሉ ካርታው ላይ የጎርፍ ዞን ከሚባለው ሁሉ ውጪ ነበሩ፣ ኢንሹራንስ የነበራቸው ደሞ 36 ፐርሰንት ብቻ። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይከፍልም። የመንግስቱን የጎርፍ ኢንሹራንስ ብትገዙ ስራ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ቀን በኋላ ነው፣ ስቶርሙ ገልፍ ላይ ሆኖ ስሙ ከወጣለት በኋላ ወኪል ጋ መሮጥ ዋጋ የለውም። ተከራይ ብትሆኑም እቃችሁን ብቻ ማስገባት ይቻላል። ዌብሳይቱ እዚህም ይጠቅማል፣ የድሮ ቀን መርጣችሁ ያኔ በዛ ሰፈር ስንት እንደዘነበ ማየት ትችላላችሁ፣ ስለዚህ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት የኦገስት 2017ን እዩት፣ ከዛ ደላላው ያውራ።

አለርቱንም አብሩት። ኢሜልና ቴክስት ይልካል፣ የትኛው ጌጅ ስንት ሲደርስ እንዲነግራችሁ ራሳችሁ ናችሁ የምትመርጡት። ምክሬ ሁለት ጌጅ ያዙ፣ አንዱ ለቤታችሁ የሚቀርበው፣ ሌላው በዛው ባዩ ከናንተ ወደ ላይ ያለው፣ ምክንያቱም ውሃው እናንተ ጋ የሚደርሰው እዛ ካለፈ በኋላ ነው። ስልካችሁን ደሞ ማታ ሳይለንት አታድርጉት።