በደሴ የአዩርቬዳ የክብደት ምክር አገልግሎት፦ ከስምንት ሳምንት ክትትል በኋላ

በደሴ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ላይ ጥንታዊ የሕንድ ባህላዊ ሕክምና በሆነው በአዩርቬዳ መርሕ ክብደት ለመቀነስ ምክር የሚሰጥ አንድ ክፍል አለ። ሥራዬ የሂሳብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ፤ ክብደቴም 86 ኪሎ ደርሶ ነበርና 2,400 ብር ከፍዬ ለስምንት ሳምንት ተመዘገብኩ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ አማካሪዋ ምን እንደምበላ ከመጠየቃቸው በፊት በስንት ሰዓት እንደምበላ፣ መቼ እንደምተኛና መቼ እንደምነሣ በዝርዝር ጠየቁኝ። በአዩርቬዳ አስተሳሰብ ሰውነትን የሚመሩት ቫታ፣ ፒታና ካፋ የሚባሉ ሦስት ኃይሎች ሲሆኑ፣ ውፍረት የሚመጣው ከባድና ቀዝቃዛ የሆነው ካፋ ሲበዛ እንዲሁም አግኒ የተባለው ምግብ የሚፈጭ እሳት ሲዳከም ነው። እሳቱ የሚበረታው ፀሐይ ከፍ በምትልበት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ ዋናው ማዕድ ምሳ ይሆናል፤ እራት ደግሞ ቀለል ብሎ በጊዜ ይበላል። ሦስቱ ኃይሎች በላብራቶሪ የሚለኩ ባይሆኑም፣ ምሳውን በሳንቡሳና በሻይ አልፎ ማታ 3 ሰዓት ላይ ጠግቦ ወዲያው ለሚተኛ እንደ እኔ ላለ ሰው ምክሩ በትክክል ሕመሙን የነካ ነበር።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት የምግቡ ዝርዝር ከገበያችን የማይወጣ መሆኑን ነው። ጥንታውያኑ የአዩርቬዳ ድርሳናት ለወፍራም ሰው ገብስ፣ ማሾና ማር ያዝዛሉ፤ ገብሱ ከደጋው፣ ማሾው ከኮምቦልቻ ዙሪያ ከቃሉ ቆላ ይመጣልና የሚቸግር ነገር የለም። ማሾውን በዝንጅብል፣ በእርድና በነጭ አዝሙድ ቀቅዬ ለእራት እጠጣዋለሁ። ማር በአዩርቬዳ ስለማይሞቅ፣ ጠዋት በባዶ ሆዴ የምጠጣው ውኃ ለብ ካለ በኋላ ነው ማሩ የሚጨመርበት። ቡናውን አማካሪዋ አልከለከሉኝም፤ ከአቦል እስከ በረካ በየሲኒው የምጨምረውን ስኳር ግን አስቆጠሩኝ፣ ቆጥሬም ደነገጥኩ።

ያልተሟላው የጾሙ ነገር ነው። የተሰጠኝ ጽሑፍ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል ለማይቀምስ ሰው አንድ ቃል አልነበረውም፤ ጠዋት ይጠጣ ያለው የማር ውኃም ሆነ ምግቡ ላይ ይጨመር ያለው ንጥር ቅቤ ለጾመኛ አይሆንም። አማካሪዋ ማዕዱን ወደ 9 ሰዓት አዛውረው ያስተካከሉልኝ እኔው ከጠየቅኳቸው በኋላ፣ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየጎረቤቱ በሚጾምበት ከተማ ይህ ከመጀመሪያው ቀን ተዘጋጅቶ መጠበቅ ነበረበት።

ከዚህ የባሰው ለብቻው በ700 ብር የሚሸጠው ትሪፋላ የተባለ ዱቄት ነው። ትሪፋላ ከሦስት የደረቁ ፍሬዎች የሚዘጋጅ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት ሲሆን፣ እኔን ሦስት ቀን ሙሉ በቁርጠት አስቀመጠኝ። የተሸጠልኝ ምንም ጽሑፍ በሌለው ላስቲክ ነው፤ የት እንደተመረተ ስጠይቅም ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በኢንተርኔት ከተገዙ 193 የአዩርቬዳ ምርቶች ከአምስቱ በአንዱ ያህል እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ እንዳገኘ አንብቤ ስለነበር፣ የቀረውን ጣልኩት። በተለይ ነፍሰ ጡር፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዲህ ያለውን ዱቄት ሊቀምሰው አይገባም።

በስምንተኛው ሳምንት ሚዛኑ 81 ኪሎ አሳየ። ዱቄቱን የተውኩት በሁለተኛው ሳምንት ስለሆነ ለውጡ የመጣው ከእራቱ ሰዓት፣ ከስኳሩና ከምሳ በኋላ ከምሄደው የሩብ ሰዓት ዳገት ነው ብዬ አምናለሁ። ኮምቦልቻ ያለችውን ታናሽ እህቴን ባለፈው ቅዳሜ አስመዝግቤያታለሁ፤ ዱቄቱን እንዳይሸጡላት ግን አስቀድሜ ለአማካሪዋ ነግሬያለሁ።