የሰዓትና የጌጣጌጥ ኢንሹራንስ በሰው አገር፦ 14 ወር ከከፈልኩ በኋላ

ከሥራ ግብዣ ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። የቀኝ ጉትቻዬን ፈታሁ። እጄን ወደ ግራ ጆሮዬ ስሰድ ባዶ ነው። ደረጃውን፣ የኮቴን ኪስ፣ የሻርፔን እጥፋት ሁሉ ፈተሽኩ፤ የታክሲውን ሹፌር ደውዬ መቀመጫውን አስፈተሽኩ። የለችም። የት እንደጣልኳት እስከ ዛሬ አላውቅም። የጌጣጌጥ ኢንሹራንስ የሚፈተነው ደግሞ እዚህች "አላውቅም" ላይ ነው።

ውሉን ከገባሁ 14 ወር ሆኖኛል፣ ጉትቻዋ የጠፋችው በዘጠነኛው ወር ነው። ያስመዘገብኩት አራት ነገር ነው፦ አባቴ ያወረሰኝ የብረት ሮሌክስ፣ የጋብቻ ቀለበቴ፣ የአልማዝ ጉትቻዎቼና አንድ ወፍራም የወርቅ አምባር። የኩባንያው ስም ብዙም አይጠቅማችሁም፣ ውሎቹ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱ ያለው ትንንሹ ጽሑፍ ውስጥ ነው።

በፊት የነበረኝ የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ ብቻ ነበር። ጌጡንም ይሸፍናል ብዬ ተዘናግቼ ኖርኩ። አንድ ቀን ውሉን አውጥቼ ሳነበው ለጌጣጌጥ ጣሪያ አለው፣ ጣሪያው የአባቴን ሰዓት ሩብ አይሞላም። ሌባ በር ሰብሮ ከገባ ይከፍላል፣ ጌጡን አድርጌ ከቤት ከወጣሁ ግን አያውቀኝም። ስለዚህ ለብቻው የጌጣጌጥ ውል ገባሁ። እያንዳንዱ ዕቃ በመልኩና በዋጋው ይመዘገባል፤ ስርቆትን፣ በድንገት መሰበርን፣ የት እንደገባ ሳይታወቅ መጥፋትንም ይሸፍናል። ይሄ የመጨረሻው ብዙ ውሎች ላይ የለም። ስትጠይቁ "ሁሉንም አደጋ ይሸፍናል" ይሏችኋል። "ጠፍቶብኝ የት እንደሆነ ባላውቅስ?" በሏቸው፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ከአገር ውጭ ለምንኖር ትልቁ ጣጣ አድራሻ ነው። ፓስፖርታችሁ የየትም ይሁን፣ ኢንሹራንሱ የሚያየው የምትኖሩበትን ቤት ነው። "በመላው ዓለም" የሚለው ቃል ያማልላል። የኔ ውል ላይ ግን ከሥሩ ነዋሪነቴ በተመዘገበው አድራሻ መሆን እንዳለበትና ከዚያ አገር ውጭ በተከታታይ ከ60 ቀን በላይ ከቆየሁ ሽፋኑ እንደሚቆም ተጽፏል። ድሮ የነበርኩበት አገር የገባሁትን ውል ይዤ ብመጣ ኖሮ፣ በሦስተኛው ወር አረቦን (የኢንሹራንሱን ክፍያ) እየከፈልኩ ያለ ሽፋን የምሄድ ሰው ነበርኩ። አንዲት ጓደኛዬ እንደዚያ ሁለት ዓመት ከፍላለች፤ ያወቀችው አምባሯ ሲሰረቅ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በዓመት ከዕቃው ዋጋ 1 እስከ 2 በመቶ የተለመደ ነው፣ የኔ 1.4 በመቶ ነው። ቤት ስቀይር ጨመሩብኝ፣ ከግድግዳ ጋር የሚታሰር ካዝና ሳስገባ ትንሽ ቀነሱልኝ። ውሉ በየትኛው ገንዘብ እንደሆነም እዩ። ዕቃውን መልሳችሁ የምትገዙበት ገንዘብ ቢሆን ይሻላል፣ አለዚያ የምንዛሬው መዋዠቅ የናንተ ዕዳ ነው።

ያደከመኝ ምዝገባው ነው። ለጉትቻዎቹ አልማዝ መርምሮ ደረጃ የሚሰጠው ተቋም፣ የጂአይኤ፣ ሰርተፍኬት ስለነበረኝ ቶሎ አለቀ። የሰርተፍኬቱ ቁጥር ድንጋዮቹ ወገብ ላይ በሌዘር ተጽፏል፤ በባዶ ዓይን አይታይም፣ ገማቹ በማጉያ መነጽር ነው ያሳየኝ። የአባቴ ሰዓት ግን ሳጥንም ደረሰኝም የለውም። የድሮ ሮሌክስ መለያ ቁጥሩ የተቀረጸው በ6 ቁጥር በኩል፣ ማሰሪያው ከሚገባበት ሥር ነው፤ አዲሶቹ ላይ ከመስታወቱ ሥር ባለው የውስጥ ጠርዝ ላይ ይነበባል። ስለዚህ ማሰሪያው መፈታት ነበረበት። ሰዓት ሠሪው ሲያነሳው ከሥሩ የዓመታት ላብና አቧራ ጠቁሮ ተጋግሯል። በጥርስ ብሩሽ ፋቀው። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ወጡ፣ የመጨረሻዋ ግን ግማሿ ተበልታለች። እኔ 3 ናት አልኩ፣ እሱ መብራቱን አዘንብሎ ደጋግሞ አየና 8 ናት አለ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አስሮት ይሄን ቁጥር አንድ ቀን እንኳ ያየው አይመስለኝም። ፎቶ አነሳሁት። ሰዓት ቢሰረቅ ፖሊስ የሚይዘው ያንን ቁጥር ነው፣ ለንደን እንዳለው ዘ ዎች ሬጅስተር ዓይነት የተሰረቁ ሰዓቶች መዝገቦችም የሚፈልጉት በእሱ ነው። ቁጥር የሌለው ሰው አቤቱታ "የብረት ሰዓት ጠፋብኝ" ከማለት አያልፍም።

ግምቱ ደግሞ ያረጃል። ወርቅ በ2025 የመጀመሪያ ወራት አውንሱ 3,000 ዶላር አለፈ፣ ዓመቱ ሳያልቅ 4,000 ተሻገረ፤ የኔ አምባር ግን በድሮው ግምት ተመዝግቦ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ቢጠፋ የድሮውን ዋጋ ነበር የሚሰጡኝ። ያገለገሉ ሰዓቶች ላይ የሆነው ተቃራኒው ነው፦ በ2022 መጀመሪያ ጣራ ነክተው ከዚያ ወረዱ። ያኔ ያስገመተ ሰው ውሉ "የገበያ ዋጋ" የሚል ከሆነ፣ አረቦኑን በትልቁ ዋጋ ከፍሎ ካሳውን በትንሹ ይቀበላል። "የተስማማንበት ዋጋ" የሚል፣ ማለትም ገበያው ቢወርድም የተመዘገበውን ዋጋ የሚከፍል ውል ትንሽ ይወደዳል፣ እኔ ግን እሱን ነው የመረጥኩት።

የማይሸፍኑትን ባጭሩ። ሰዓቱ በእርጅና ቢቆም አይከፍሉም፣ ሰርቪስ የራሳችሁ ነው። መኪና ውስጥ ትታችሁት ብትሄዱ፣ ሻንጣ ውስጥ አድርጋችሁ ለአውሮፕላኑ ጭነት ብትሰጡ፣ አይከፍሉም። ጉምሩክ ቢወርስባችሁም እንዲሁ። ድንበር ስሻገር ደረሰኙንና ግምቱን ስልኬ ውስጥ ይዤ ነው የምሄደው። ካልለበስኩት ካዝና ውስጥ መሆን አለበት ይላል ውሉ። እውነቱን ልናገር፣ ቀለበቴን እጄን ስታጠብ አውልቄ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ የማስቀምጠው ነገር እስካሁን አልለቀቀኝም።

ወደ ጉትቻዋ ልመለስ። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የጠፋ ዕቃ ሪፖርት አስጻፍኩ፣ በዚያው ቀን ለኩባንያው በኢሜይል ላክሁ። የስልክ አገልግሎታቸው ከንቱ ነው። በደወልኩ ቁጥር አዲስ ሰው ያነሳል፣ በደወልኩ ቁጥር ታሪኩን ከሀ እጀምራለሁ። ኢሜይል ላይ ግን አንድ ሴትዮ ያዘችኝ፣ ጎበዝ ናት። መጨረሻ ጊዜ ጆሮዬ ላይ የነበረችው መቼ ነው? ማን አይቷል? ግብዣው ላይ የተነሳሁትን ፎቶ ላክሁላት፣ ሁለቱም ጆሮዬ ላይ ያበራሉ። ስንት ሰዓት ላይ እንደተነሳሁም ፎቶው ላይ አለ። ክርክሩ በዚያው አለቀ።

ከዚያ የጥንድ ነገር መጣ። አንዷ ብትጠፋ ግማሹን ይከፍላሉ፣ ወይም የቀረችውን ካስረከብሽ ሙሉውን ይከፍላሉ። ግማሹ ግን እሷን የምትመስል አንድ ለማሠራት አይበቃም፣ ተመሳሳይ ድንጋይ መፈለጉ ራሱ ወጪ ነው። ሁለት ቀን ወዲያና ወዲህ አልኩ። በመጨረሻ የቀረችውን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በፖስታ አሽጌ፣ ፈርሜ አስረከብኩ። በውሉ መሠረት እኔ ራሴ የምችለው ድርሻ ተቀንሶ ገንዘቡ በሰባተኛው ሳምንት ገባ። አራት ሳምንት ነበር ያሉኝ።

ውሉን አድሻለሁ። አምባሩን እንደገና አስገምቼዋለሁ። አዲስ ጉትቻም ገዝቻለሁ፣ የዚህኛው መያዣ በብሎን የሚጠብቅ ነው። የኔ ውል ለአዲስ ዕቃ 30 ቀን ጊዜ ይሰጣል፣ ዛሬ 26ኛው ነው፣ ደረሰኙ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ፎቶውን ገና አላነሳሁም።