ዶቭኮት፦ ኢሜይልን ከድረ ገጽ ለይቶ ማስቀመጥ

ደብረ ማርቆስ ሆኜ ለጥቂት ነጋዴዎች፣ ለአንድ ሆቴልና ለአንድ የግል ክሊኒክ ድረ ገጽና ኢሜይል አስተዳድራለሁ። ሥራዬን ካቀለሉልኝ ፕሮግራሞች ዶቭኮትን የሚስተካከል የለም። ነፃ ነው። ፊንላንዳዊው ቲሞ ሲራይነን በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። እኔ ዘንድ ከውጭ የሚመጣውን የኢሜይል ደብዳቤ ፖስትፊክስ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ይቀበላል፤ ዶቭኮት ደግሞ ያስቀምጠዋል፣ ሰው በስልኩ ሲከፍትም ያቀርብለታል።

ቀድሞ ደንበኞቼ የነበሩበት የጋራ ሆስቲንግ (ብዙ ደንበኞች አንድ ሰርቨር የሚካፈሉበት አገልግሎት) ድረ ገጹን፣ ዳታቤዙንና ኢሜይሉን በአንድ የዲስክ ኮታ፣ ማለትም በአንድ የቦታ ገደብ፣ ያስር ነበር። የአንድ የቡሬ በቆሎ ነጋዴ ድረ ገጽ የእንቅስቃሴ መዝገቡ (ሎግ ፋይሉ) አብጦ ኮታውን ሞላውና ገዢዎች የላኩላቸው ደብዳቤ ወደ ላኪዎቹ ይመለስ ጀመር። ደውለው «ልጄ፣ ደብዳቤዬን ከድረ ገጹ ጋር ምን አገናኘው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የዘር እህልና የቀለብ እህል በአንድ ጎታ አይከተትም።

አሁን በተከራየሁት ሰርቨር ላይ የሁሉም ኢሜይል በሌላ ዲስክ፣ «/ቫር/ቪሜይል» በሚል ማውጫ ሥር ነው። ለየዶሜይኑ (ከ@ በኋላ ላለው አድራሻ) አንድ ፎልደር፣ በውስጡም ለየሰዉ አንድ ፎልደር አለ። ባለቤቱ «ቪሜይል» የሚባል፣ በፓስወርድ ሊገባበት የማይችል ተጠቃሚ ሲሆን የፎልደሮቹ ፈቃድ 700፣ ማለትም ለባለቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በድረ ገጹ ቀዳዳ ቢገባ እንኳ በድረ ገጹ ተጠቃሚ ስም ደብዳቤዎቹን ሊያነብ አይችልም። የሕመምተኛ ውጤት በኢሜይል ለሚላላክ ክሊኒክ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ደብዳቤዎቹ የሚቀመጡበት መንገድ ሜይልዲር ይባላል። በድሮው ኤምቦክስ የአንድ ሳጥን ደብዳቤ በሙሉ በአንድ ረጅም ፋይል ይከማቻል፤ በሜይልዲር ግን እያንዳንዱ ደብዳቤ የራሱ ፋይል አለው። መጀመሪያ «ቴምፕ» ውስጥ ይጻፋል፣ ተጽፎ ሲያልቅ ወደ «ኒው» ይዛወራል፣ ከታየ በኋላ «ከር» ውስጥ ይቀመጣል። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ የቀሩት ደብዳቤዎች አይነኩም።

ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሜይልዲር «ተነቧል» የሚለውን ምልክት የሚይዘው በፋይሉ ስም ላይ ነው። ስሙ ሲቀየር አርሲንክ የሚባለው ፋይል መገልበጫ ፕሮግራም አዲስ ፋይል መስሎት እንደገና ይጭነዋል፤ እንደኛ ኢንተርኔቱ በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ይህ ያማርራል። የዶቭኮት የራሱ «ዶቭአድም ባክአፕ» የሚባል ትእዛዝ ግን ደብዳቤውን ስለሚያውቀው ምልክቱን ብቻ ያስተካክላል። ቢሮዬ ወዳለው ኮምፒውተር የምገለብጠው በዚሁ ነው፤ በጣም ወድጄዋለሁ።

የማይመቹ ነገሮችም አሉት። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የዶቭኮት 2.4 ሥሪት የቅንብር አጻጻፉን ለውጦታል፤ ቀድሞ በአንድ መስመር ይጻፍ የነበረው የኢሜይል ቦታ አሁን ዓይነቱ ለብቻ፣ መንገዱ ለብቻ ነው፤ የቀድሞው 2.3 ሥሪት የቅንብር ፋይል እንዳለ አይሠራም። ስታሻሽሉ ጊዜ ይዛችሁ ይሁን። ትንንሽ ፋይሎችም እልፍ ስለሚሆኑ ዲስኩ ቦታ እያለው ሊይዝ የሚችለው የፋይል ብዛት ገደብ ሊሞላ ይችላል።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን የተለየው ዲስክ ሰርቨሩ ሲነሳ ሳይያያዝ ቢቀር ነው። ባዶው ማውጫ ለ«ቪሜይል» የሚጻፍ ከሆነ ዶቭኮት እዚያው አዲስ ሳጥን ይከፍታል፤ ደንበኛው ስልኩን ሲከፍት አንድም ደብዳቤ አያገኝም። መፍትሔው ዲስኩ ሳይያያዝ በፊት የባዶውን ማውጫ ባለቤት ሩት (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ) ማድረግና ሌላ ማንም እንዳይጽፍበት መከልከል ነው። ያኔ ማስቀመጥ ስለማይቻል ፖስትፊክስ ደብዳቤውን ወረፋ ላይ ያቆየዋል፤ ቅንብሩ ካልተነካ እስከ 5 ቀን ይጠብቃል፣ ዲስኩ ሲመለስ ሁሉም ይገባል።

አንድ ድረ ገጽና ሁለት ኢሜይል ብቻ ላለው ሰው የራሱን ሰርቨር ተከራይቶ ይህን ሁሉ እንዲያቆም አልመክርም። እሱ ሆስቲንግ ሊገዛ ሲሄድ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የኢሜይሉ ኮታ ከድረ ገጹ የተለየ መሆኑን ይጠይቅ፤ አብሮ ነው ካሉት ሌላ ይፈልግ።