ለነሐሴ የሚሸጠውን የፉኬት ጎልፍ ፓኬጅ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ለገጣፎ፣ አያት፣ ሰንዳፋና በዙሪያው ያላችሁ ሁሉ፣ በተለይ ጎልፍ የምትጫወቱና ቤተሰብ ይዛችሁ የክረምቱን ማብቂያ ውጭ ለማሳለፍ የምታስቡ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ለማንም ቀብድ እንዳትከፍሉ። በየካፌው ባነር የተሰቀለለት፣ በየስልኩ የሚላክ አንድ ፓኬጅ አለ። «ጎልፍና ጉብኝት በታይላንድ፣ ከፍልሰታ በኋላ እስከ እንቁጣጣሽ» ይላል። ፎቶው ያምራል፣ ዋጋውም ከሌላው ዝቅ ያለ ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው።

የሻጩን ስም አልጽፍም። ጉዳዩ ገና አቤቱታ ላይ ነው። ደግሞም ነገ ስሙን ቀይሮ በሌላ ባነር ሊመጣ ስለሚችል፣ ከስሙ ይልቅ አሠራሩን ብታውቁት ይጠቅማችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታችን አንድ አባት ብዙ ዓመት አሜሪካ ሠርተው ለገጣፎ ቤት ሠርተው የገቡ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌው ኤርፖርት ወደሚገኘው ጎልፍ ክለብ እየሄዱ ይጫወታሉ። ባለቤታቸው ጎልፍ አይወዱም፣ ባሕር ማየት ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ ፓኬጁ ልክ ለእነሱ የተሠራ መሰላቸው። ሻጩ ቤት ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ የቀረን ትንሽ ቦታ ነው። ዛሬ ካልያዙ ነገ ዋጋው ይጨምራል» አላቸው። ግማሹን ከፈሉ። ሌሎች የሰፈራችን ቤተሰቦችም ከፍለዋል። እኔ ቲኬት ቢሮ ስለምሠራ ወረቀቱን እንድመለከትላቸው ሰጡኝና አንድ ሙሉ ማታ ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር አነበብኩት። በጣም ነው የተናደድኩት።

ከወሩ ልጀምር፣ ምክንያቱም ዋናው ማታለያ እሱ ነው። ፉኬት የምትገኘው በታይላንድ ምዕራብ፣ በአንዳማን ባሕር ላይ ነው። እዚያ የዝናቡ ወቅት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው፤ ወደ መስከረም ሲጠጋ ደግሞ ይብሳል። ማለትም ከእኛ ክረምት ወጥታችሁ እነሱ ክረምት ውስጥ ነው የምትገቡት። ዝናቡ ብቻ ቢሆን ይቻላል፣ ብዙ ጊዜ ወርዶ ያባራል። ችግሩ ባሕሩ ነው። በዚህ ወቅት ማዕበሉ ይበረታል፣ የባሕር ዳርቻው ላይ ቀይ ባንዲራ ይተከላል። ቀይ ባንዲራ ካለ ውኃ ውስጥ መግባት አይፈቀድም፤ ይህን ችላ ብለው የሚሰምጡ ቱሪስቶች በየዓመቱ አሉ። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ መነገር ያለበት ነገር ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ግን አንዲት ቃል የለችም።

ባነሩ ላይ ትልቅ ሆኖ የወጣው ፎቶ ደግሞ ፒፒ ደሴቶች ላይ ያለው ማያ ቤይ የሚባል የባሕር ዳርቻ ነው። በገደል የተከበበ ነጭ አሸዋ፣ አረንጓዴ ውኃ። ቦታው እውነት ነው፣ ውበቱም እውነት ነው። ነገር ግን በቀን እስከ 5,000 ሰው ይገባበት ስለነበር ኮራሉ (ባሕር ውስጥ እንደ ድንጋይ የሚያድገው ሕይወት ያለው ነገር) ተጎድቶ መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 ዘጋው፤ የተከፈተው በጥር 2022 ነው። ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ለሁለት ወር ይዘጋል፣ ባሕሩ እንዲያገግም ተብሎ። መዝጊያው እ.ኤ.አ. ኦገስትና ሴፕቴምበር ነው፣ በእኛ ከሐምሌ 25 እስከ መስከረም 20። ፓኬጁ የሚሸጠው ከነሐሴ 16 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ማያ ቤይ ለአንድ ሰዓት እንኳን ክፍት አይሆንም! ፎቶውን ቀረብ አድርጋችሁ ብታዩት ጀልባዎች አሸዋው ድረስ ገብተው ቆመዋል። አሁን ጀልባ በፊት ለፊት አይገባም፣ የሚቆመው ከደሴቱ ጀርባ ነው። ስለዚህ ፎቶው ከመዘጋቱ በፊት የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ፎቶ የሲሚላን ደሴቶች ነው። እሱም በየዓመቱ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ዝግ ነው። በሁለት ዝግ ቦታ ፎቶ ነው እንግዲህ የሰው ገንዘብ የተሰበሰበው።

ወደ ጎልፉ ልምጣ። ወረቀቱ ላይ «ታይገር ዉድስ ባሸነፈበት ሜዳ ይጫወቱ» ተብሎ በደማቁ ተጽፏል። ታይገር ዉድስ እ.ኤ.አ. በ1998 ፉኬት በሚገኘው ብሉ ካንየን ክለብ ውድድር አሸንፏል፣ ይህ ትክክል ነው። ግን ክለቡ ካንየንና ሌክስ የሚባሉ ሁለት ሜዳዎች ያሉት ነው፤ ዉድስ ያሸነፈው ካንየን ላይ ነው። የጎረቤታችን ቫውቸር ላይ ያለው ሌክስ ነው። ከታች ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ወይም ተመሳሳይ ሜዳ» ይላል። «ወይም ተመሳሳይ» የምትል ሐረግ ካያችሁ የተዋዋላችሁት በሜዳው ስም አይደለም ማለት ነው። የፈለገበት ርካሽ ቦታ ሊወስዳችሁ ይችላል፣ እናንተም መከራከሪያ የላችሁም።

ፕሮግራሙ ጎልፍ በማያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በጀልባ ወደ ፒፒ ደሴቶች፣ ከዚያ ከቀኑ 8:30 ላይ 18 ጉድጓድ ጎልፍ ይላል። የፒፒ ጉዞ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ነው። ደረሳችሁ እንኳን ብንል፣ 18 ጉድጓድ ለመጨረስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈልጋል፤ ፀሐይ እዚያ በዚያ ወቅት የምትጠልቀው ከምሽቱ 12:30 አካባቢ ነው። ትንሽ ከዘገያችሁ ሳትጨርሱ ይመሻል። በአምስተኛው ቀን ደግሞ ከፉኬት ሆቴል ተነሥታችሁ ሁዋ ሂን የምትባል ሌላ ከተማ ላይ ጎልፍ ትጫወታላችሁ ይላል። ሁዋ ሂን እ.ኤ.አ. በ1924 የተሠራ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ የቆየ ሜዳ አላት፣ ጎልፍ የሚወድ ሰው ቢያየው ደስ ይለዋል። ግን ከፉኬት በመንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ድረስ ነድቶ በዚያው ቀን ጎልፍ የሚጫወት ሰው አለ? ባንኮክ ላይም የቤተ መንግሥቱን ጉብኝት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አስቀምጦታል፤ የቤተ መንግሥቱ ትኬት መሸጫ 9:30 ላይ ይዘጋል። እዚያ ቁምጣ ለብሶ መግባትም አይቻልም፣ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ከጎልፍ ሜዳ በቀጥታ የሚመጣ ሰው በር ላይ ነው የሚመለሰው።

ዝናብ ሲመጣ ምን ይሆናል የሚለውን ማንም አይጠይቅም፣ እኔ ግን መጀመሪያ የፈለግሁት አንቀጽ እሱ ነበር። መብረቅ ካለ ጨዋታው ይቆማል፣ ሁሉም ከሜዳ ይወጣል። መሬቱ ከራሰ የጎልፍ መኪናዋ ከአስፋልቱ መንገድ እንዳትወጣ ይደረጋል፤ ጉልበቱን ለሚያመው ትልቅ ሰው ይህ ማለት በጭቃ ላይ መመላለስ ነው። ጨዋታው ሲቋረጥ ብዙ ሜዳዎች ገንዘብ አይመልሱም፣ ሌላ ቀን መጥታችሁ እንድትጫወቱ ወረቀት ይሰጧችኋል። በማግስቱ ወደ ሌላ ከተማ ለሚሄድ እንግዳ ያ ወረቀት ምንም አያደርግለትም። ደህና አዘጋጅ ቢሆን ኖሮ መካከል ላይ ባዶ ቀን ይተው ነበር። ይሄኛው አንድም አልተወም።

«ሁሉም ተካቷል» የሚለውንም አትመኑ። በታይላንድ ሜዳዎች ካዲ (ዱላ የሚይዝላችሁ ረዳት) መያዝ በአብዛኛው ግዴታ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ከ300 እስከ 500 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ቲፕ መስጠትም የተለመደ ነው፣ በጥሬ ገንዘብ። ዱላ የሌለው ይከራያል። ወደ ፒፒ ብሔራዊ ፓርክ ለመግባት የውጭ አገር ሰው 400 ባት ይከፍላል፣ ለባንኮኩ ቤተ መንግሥት 500። ከእነዚህ አንዱም ፓኬጁ ውስጥ የለም። አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ ሲደምረው ብዙ ነው፤ የዋጋው ዝቅ ማለትም የመጣው ከዚህ ነው።

በጣም ያሳዘነኝ ግን ተጨማሪ ክፍያ ተብሎ የተዘረዘረው ነው። «የቢጫ ወባ ካርድ ማደሻ» ይላል። ከኢትዮጵያ ወደ ታይላንድ ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፣ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ይህ ልክ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ድሮ የተወሰደውም ጭምር። የሚታደስ ነገር የለም። ቀጥሎ «የዲጂታል መግቢያ ካርድ ማስሞያ» በዶላር ተተምኗል። ይህ ካርድ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ጀምሮ የሚሞላ ነው፣ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያውም ዜሮ ነው። ልጆቻችሁ በስልክ ይሞሉላችኋል።

ወደ ቲኬቱ ስንመጣ፣ ሥራዬ ስለሆነ በደንብ ስሙኝ። ሻጩ «ቲኬት ተቆርጧል» ብሎ ለሁሉም ወረቀት ልኳል። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ስድስት ፊደልና ቁጥር የያዘ የቦታ መያዣ ኮድ ብቻ ነው። ቦታ መያዝና ቲኬት መቁረጥ ይለያያሉ። ያልተከፈለበት ቦታ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ በራሱ ይሰረዛል። የተቆረጠ ቲኬት 13 አሃዝ ያለው የራሱ ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ያ ቁጥር ከሌለ ቲኬት የላችሁም። የጎረቤቶቻችንን ኮድ ሳየው ቦታው ከተሰረዘ ቆይቷል። ወረቀቱ የሚያሳየው በረራም እስከ ባንኮክ ብቻ ነው። ከባንኮክ ፉኬት በመንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ያንን ማን እንደሚከፍል የትም አልተጻፈም።

ውሉ አንድ ገጽ ነው። ዋጋው በዶላር ተቆርጦ ቀሪው «በዕለቱ ምንዛሪ በብር» ይከፈላል ይላል። የየትኛው ዕለት? የየትኛው ባንክ? ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ እንዲህ ያለ ውል መፈረም ዋጋውን ሳያውቁ መግዛት ነው። ቀብዱ «በማንኛውም ምክንያት አይመለስም»፣ ቪዛ ቢከለከልም። ሻጩ ጉዞውን ቢሰርዝስ? ዝም ይላል። ገንዘቡ የገባው በቴሌብር ወደ ግለሰብ ስልክ ነው፤ የተሰጣቸውም ማኅተም ያረፈበት የእጅ ጽሑፍ እንጂ ቲን ቁጥር ያለበት የማሽን ደረሰኝ አይደለም።

ስለዚህ ማንም ሰው እንዲህ ያለ ፓኬጅ ይዞ ሲመጣ ንግድ ፈቃዱንና የአስጎብኚነት ብቃት ማረጋገጫውን ጠይቁ። የሜዳዎቹ ስም፣ የጨዋታው ሰዓትና የሜዳው ማረጋገጫ በጽሑፍ ይሁን። እናንተው ለሜዳው መልእክት ልካችሁ «በዚህ ስም ቦታ ተይዟል ወይ?» ብትሉ ይመልሱላችኋል። «ዛሬ ካልከፈላችሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ነገ ይመለስ በሉት።

በነሐሴ ካልሆነ አልችልም፣ ልጆች ትምህርት አላቸው ለሚል፣ ታይላንድ በምሥራቅ በኩልም ባሕር አላት። ሁዋ ሂንና ሳሙይ ደሴት በዚያ ወር ከፉኬት ይሻላሉ፣ ከባዱ ዝናባቸው ዘግየት ብሎ ነው የሚመጣው፣ ሁለቱም ጋ ጎልፍ አለ። ፉኬትን ራሷን የፈለገ ከገና በኋላ፣ ዓቢይ ጾም ሳይገባ ይሂድ። ያኔ ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ባሕሩ ጸጥ ይላል፣ ማያ ቤይም ሲሚላንም ክፍት ናቸው።

ለከፈላችሁ፦ የሸማቹ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ቤታችሁ ለገጣፎ መሆኑ ግራ አያጋባችሁ፤ አቤቱታው የሚገባው ለሻጩ ፈቃድ የሰጠው ንግድ ጽሕፈት ቤት ጋ ነው። የቴሌብር መልእክቱን፣ የድምፅ መልእክቶቹንና የባነሩን ፎቶ እንዳታጠፉ። ሻጩ «ሌላ ቀን እቀይርላችኋለሁ» እያለ አዲስ ወረቀት ማስፈረም ጀምሯል፣ ያንን አትፈርሙ፤ የመጀመሪያውን ውል ሊሽረው ይችላል። የእኛ ሰፈር ሰዎች አቤቱታውን በጋራ ነው የምናስገባው። ከዚሁ ሰው የገዛችሁ የአያትና የሰንዳፋ ሰዎች ካላችሁ የውላችሁን ኮፒ ይዛችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አብረን እናስገባለን።