ሬድ ዴድ 2 የተባለውን የፕሌይስቴሽን 4 (ፒኤስ 4) ጌም የምትገዙ፣ ሲዲው ሁለት ነው! ሁለት!

ዛሬ ከሰዓት ለግማሽ ጌም 3,500 ብር ተከፍሏል። ግማሽ ሲባል የተቧጨረ ወይም የሚቆራረጥ እንዳይመስላችሁ፤ በቁሙ ግማሹ የለም።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። የፎቅ ምድር ቤት፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ፊፋ የሚያጫውቱ፣ ጎን ለጎን ያገለገለ ሲዲ በላስቲክ የሚቸበችቡ። "ዋጋ በውስጥ መስመር"፣ "ኦርጅናል ነው ወንድሜ"፣ "ለአንተ ስለሆነ ነው"።

ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 በ2018 ለፒኤስ 4 ሲወጣ አንድ ሲዲ ስላልበቃው በሁለት ነው የታሸገው። አንዱ ላይ ዳታ ዲስክ፣ ሌላው ላይ ፕሌይ ዲስክ ተብሎ ታትሞበታል። መጀመሪያ ዳታው ይገባና ዕቃውን ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል፤ ጌሙ ከ100 ጊጋ በላይ ስለሚይዝ አንድ ሰዓትም ከዚያም በላይ ይፈጃል። ሲጨርስ ማሽኑ ፕሌይ ዲስክ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲያ ዳታው መሳቢያ ይገባል፤ ለመጫወት የሚፈለገው ፕሌዩ ብቻ ነው። ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። ጌሙን ጓደኛው ቤት የተጫወተ ሰው ማሽኑ ውስጥ ሲያይ የኖረው አንድ ሲዲ ስለሆነ፣ አንድ ሲሰጡት አይጠረጥርም። ሁለት መሆኑን የሚያውቅም ይረሳል። እኔ አውቅ ነበር!

ሻጩ ልጅ ሲዲውን ከላስቲኩ አወጣ፣ ተነፈሰበት፣ በቲሸርቱ ጠረገው፣ የሚያብረቀርቀውን ጎን ወደ መብራት አዙሮ "እያት፣ አንድ ጭረት የላትም" አለ። ሁሉም ሰው ጭረት ነው የሚያየው። ጽሑፉ ያለበትን ጎን ሲያዞር አውራ ጣቱ ልክ "ዳታ" የሚለው ቃል ላይ አርፏል። በአጋጣሚ ነው ብሎ የሚያምን ይመን። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ ከተታት፤ የጌሙ ሥዕል ብቅ አለ፣ መስመሩም መሙላት ጀመረ። "ይኸው እየጫነች ነው፤ ሰዓት ስለምትፈጅ ቤትህ ጨርሳት።" አወጣት፣ ብሩን ቆጠረ። ሳጥኗስ ሲባል "አሁን ሳጥን ማን ይይዛል?" ብሎ ሳቀ። ሳጥኑ ውስጥ የሁለት ሲዲ መቀመጫ ስላለ ነው እኮ የማይሰጡት!

ተመልሶ መሄዱ ደግሞ ሌላ ውርደት ነው። "ሲዲ ገዛህ፣ ሲዲ ወሰድክ፤ ሠርታለች አልሠራችም?" ይህን ሲል ከጀርባው ሁለተኛው ቴሌቪዥን ላይ አንድ ጎረምሳ ፈረስ እየጋለበ ነው። ፕሌይ ዲስኩ እዚያው ማሽን ውስጥ ተቀምጧል። "ያቺማ የቤቱ ናት፣ አትሸጥም" አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

የሚያበግነው ጌሙ ገንዘቡ የሚገባው መሆኑ ነው። ዘመኑ 1899፣ አገሩ የአሜሪካ ምዕራብ፣ የምትጫወቱበት አርተር ሞርጋን፣ ዳች የሚባል የወንበዴ አለቃ ቀኝ እጅ። መክፈቻው ላይ በረዶው በእግርና በፈረስ ኮቴ ሲታረስ ዱካው ይቀራል፤ ጢም ያድጋል። ካርታ ላይ መድረሻ ምልክት አድርጋችሁ ጆይስቲኩ መሃል ያለውን ሰሌዳ ተጭናችሁ ብትይዙት ካሜራው እንደ ፊልም ይሆናል፤ የኤክስን ቁልፍ ስትይዙ ፈረሱ ራሱ መንገዱን ይከተላል። ያኔ ዝም ብሎ ማየት ነው።

ግን ሻጩ የማይነግራችሁ አለ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ይጎተታል፣ ብዙ ሰው እዚያው በረዶ ላይ ይሰለቻል። እያንዳንዱ መሳቢያ በእጅ ይከፈታል፣ እያንዳንዱ ጣሳ በእጅ ይነሳል፤ የወንበዴዎቹ ሰፈር ውስጥ መሮጥ የለም። የትሪያንግል ቁልፍ ፈረስ ላይም ያስወጣል፣ ሰውም ያሳንቃል፤ አጠገባችሁ መንገደኛ ካለ ልትሳፈሩ ብላችሁ ታንቁትና ፖሊስ ይከተላችኋል። ኤል 2 ባዶ እጅ ከሆናችሁ ሰው ላይ አተኩሮ ሰላምታ የመስጠት ምርጫ ያመጣል፣ ሽጉጥ ከተያዘ ማነጣጠር ነው። ተልዕኮ ላይ ደግሞ ከተሰመረላችሁ መንገድ ትንሽ ወጣ ካላችሁ ወድቃችኋል፤ ያን የሚያህል ሰፊ ዓለም ሠርተው እዚያ ላይ እንደ ተማሪ ያሰልፏችኋል። ሻጩ "ለሁለት ይጫወቱታል" ካላችሁ ደግሞ ቅጥፈት ነው፤ ታሪኩን የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ኦንላይኑም ኢንተርኔትና ፒኤስ ፕላስ የሚባለውን የፕሌይስቴሽን የአባልነት ክፍያ ይፈልጋል።

ሁለቱንም ሲዲ በእጃችሁ ይዛችሁ ጽሑፉን አንብቡ። ሻጩ ማሽን ላይ ጌሙ ተጭኖ ካለ፣ የምትገዙት ፕሌይ ዲስክ ገብቶ ጌሙ እስኪከፈት ብር አታውጡ። ሃርድ ዲስካችሁ 500 ጊጋ ከሆነም ቀድማችሁ ቦታ አስለቅቁ። ዘ ላስት ኦፍ አስ 2 የሚባለው ጌምም በፒኤስ 4 ሁለት ሲዲ ነው፤ ያው ልጅ የእሱንም አንዱን ሲዲ ብቻ በላስቲክ ሰቅሎታል።