የመረጃ ገጽ ወይስ የተሳትፎ መድረክ?

የከተማ አስተዳደሮች ስለ ዘላቂ ልማት ከነዋሪው ጋር በድረ ገጽ ሲገናኙ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይይዛሉ፦ ዕቅድና ውጤት የሚያሳይ የመረጃ ገጽ፣ ወይም ነዋሪው ሐሳብ አቅርቦ ድምፅ የሚሰጥበት መድረክ።

የመረጃ ገጹ ወጪው ቀላል ነው፤ አንድ ባለሙያ በየሩብ ዓመቱ አኃዙን ቢያድስ ይበቃል። የሚበላሸው ወፍራም ዕቅድ በፒዲኤፍ ተጭኖ ሲረሳ ነው፤ በስልክ አይነበብም፣ አኃዙም ያረጃል። እያንዳንዱ ግብ መነሻ ዓመቱን፣ መለኪያውንና ኃላፊውን ክፍል ከጎኑ ይያዝ። «የበካይ ጋዝ ልቀትን በ40 በመቶ እንቀንሳለን» የሚል ቃል ከየትኛው ዓመት አንጻር እንደሆነ ካልገለጸ ማንም ሊፈትሸው አይችልም።

በተሳትፎ መድረክ የሚከብደው ሶፍትዌሩ አይደለም። ማድሪድ እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረችው ኮንሱል የተባለው የተሳትፎ ሶፍትዌርም ሆነ ባርሴሎና በ2016 የጀመረችው ዴሲዲም ኮዳቸው ክፍት ስለሆነ ሌሎች ከተሞችም በነጻ ይጠቀሙባቸዋል። የሚከብደው ከጀርባ ያለው ሥራ ነው፦ ተመሳሳይ ሐሳቦችን ማጣመር፣ ወጪያቸውን መገመት፣ ለእያንዳንዱ «ተቀብለናል» ወይም «አልተቀበልንም፣ ምክንያቱም…» ብሎ በጽሑፍ መመለስ። መልስ ያጣ ነዋሪ ዳግመኛ አይመጣም፤ ከሁሉም የከፋው ጉዳት ይህ ነው። ጥያቄውም ጠበብ ይበል። «ከተማችንን እንዴት አረንጓዴ እናድርጋት?» ከማለት ይልቅ «በዚህ መንገድ የብስክሌት መስመር ይቅደም ወይስ የዛፍ ረድፍ?» ቢባል በሥራ ላይ የሚውል መልስ ይገኛል። የወረቀት ቅጽና የሰፈር ስብሰባ ካልታከለበት ደግሞ ኢንተርኔት የሌላቸው ሰዎች ድምፅ ይቀራል።

መልስ የሚሰጥ ሠራተኛና የተመደበ በጀት የሌለው አስተዳደር በመረጃ ገጹ ይጀምር። ሁለቱም ያሉት መድረኩን ይክፈት፤ የጸደቁት ሐሳቦች የደረሱበትን ግን በዚያው የመረጃ ገጽ ላይ ያሳይ።