የቤናዢል ዋሻ፦ ከሊዝበን ደርሶ መልስ በሚኒባስ ወይስ እዛው አድሮ በትንሿ ጀልባ?

«ቤናዢል ሄደሽ ነበር አይደል? ስንት ፈጀብሽ?»

ይሄን ጥያቄ ስንቴ እንደመለስኩ ቆጠራው ጠፍቶብኛል። እዚህ ፍራንክፈርት በጋ ሲቃረብ ሐበሻው ሁሉ ፖርቱጋል ያምረዋል። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ላለው ሌላ ቪዛ አያስፈልግም፤ ቀደም ብሎ ለቆረጠ ትኬቱም አይከብድም። ሊዝበን ይገባሉ፤ ከዚያ ቲክቶክ ላይ ያዩትን ጣሪያው የተቀደደ ዋሻ፣ ቤናዢልን፣ ይፈልጋሉ። ቀጥሎ ሊንክ ይላክልኛል። ዘጠና ምናምን ዩሮ። ጠዋት ከሊዝበን ተነስቶ ማታ መመለስ። አስጎብኚ አለው። ገደል፣ ዋሻ፣ ባህር ዳርቻ፣ ሁሉም በአንድ ቀን። «ይሄ ጥሩ ነው?»

አይደለም። እኔ ገዝቼዋለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ነበር፤ በሰው 95 ዩሮ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሱ ተባልን (በኛ ሰዓት ነው የምጽፈው)። እኛ በሰዓታችን ወጣን። ሚኒባሱ ግን ሌሎቹን ሰዎች ለመልቀም ሆቴል ለሆቴል ሲዞር ሃምሳ ደቂቃ በላ። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ አልጋርቭ ወደሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ። በመንገድ ላይ አስጎብኚያችን ሲኔስ የሚል ምልክት አሳየንና ቫስኮ ዳ ጋማ የተወለደው እዚያ ነው አለን። ልጁ ክርስቶቮ በፈረንጆቹ 1541 አራት መቶ ወታደር ይዞ ለአፄ ገላውዴዎስ ሊዋጋ እንደመጣና እኛው ጋ እንደቀረ ነገርኩት። አልሰማም ነበር። ከጉዞው ሁሉ ያ ወሬ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ዋጋው ልመለስ። 95 ዩሮው ጀልባውን አይጨምርም። ማስታወቂያው ላይ ታች፣ በደቃቅ ፊደል «አማራጭ» ይላል፤ 25 ዩሮ። እስቲ አሁን ዋሻ ለማየት ሦስት ሰዓት የተጓዘ ሰው ጀልባውን ምን ብሎ ይተወዋል? ምሳ ደግሞ አስጎብኚው «እዚህ ጥሩ ነው» ያለን ቤት፣ ሌላ ምንም በሌለበት ቦታ፣ 22 ዩሮ። ድምሩ 142።

ጀልባው ትልቅ ካታማራን፣ ማለትም ሁለት ቀፎ ያለው ጀልባ ነው። ትልቅ ጀልባ የዋሻው አፍ ላይ ቆሞ ይመለሳል እንጂ አይገባም። ይሄን ያወቅኩት እዚያው ውሃው ላይ ነው። አንዴ በግራ ጎኑ፣ አንዴ በቀኝ ጎኑ ዞረልን፤ ሁሉም ስልኩን ዘረጋ። ሰዓቴን አይቼ ነበር፤ አራት ደቂቃ። ሊዝበን የገባነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። አስራ ሦስት ሰዓት ለአራት ደቂቃ።

ስልኬም የተበላሸው ያን ቀን ነው። ሊዝበን መንገድ ላይ ውሃ አያስገባም የተባለ የስልክ ማቀፊያ በ6 ዩሮ ገዝቼ ነበር። የታወቀ ብራንድ ነው ብዬ፤ በኋላ ሳየው ከስሙ አንዲት ፊደል ጎድላለች። ሞገዱ ረጭ ሲያደርገን ጠርዙ ላይ ውሃ ገባ። ያን ጊዜ ምንም አልሆነም፤ አብሼ ተውኩት። ሳምንት ቆይቶ ቻርጅ አልገባም አለ። ፍራንክፈርት የወሰድኩበት ጠጋኝ ከፍቶ በማጉያ መነጽር አሳየኝ፤ መሰኪያው ውስጥ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። «የባህር ውሃ ነው፤ ወዲያው በንጹህ ውሃ ባጠብሽው ይተርፍ ነበር» አለኝ። በውሃ የረጠበውን በውሃ! ማን ያስበዋል? 120 ዩሮ ከፈልኩ። እንግዲህ ደምሩት፤ የአንድ ቀን ጉዞ 268 ዩሮ።

ማቀፊያ የምትገዙ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ውስጡ ሶፍት አድርጋችሁ መታጠቢያ ሳህን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ድፈቁት። ሶፍቱ ከረጠበ ጣሉት።

ሁለተኛው ጉዞ ባለፈው ግንቦት ነው፣ ከእናቴ ጋር። እማዬ ከባህር ዳር ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። በዚህኛው ሊዝበንን ጭራሽ ተውነው፤ በቀጥታ ፋሮ በረርን። ፋሮ የአልጋርቭ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ከጀርመን ከተሞች ቀጥታ በረራ አለው፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። ከፋሮ ፖርቲማው ወደምትባለው ከተማ በባቡር፣ ከዚያ ካርቩዌሮ የምትባል ትንሽ የባህር ዳር መንደር በታክሲ 18 ዩሮ። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል 70 ዩሮ፤ ለሁለት ሲካፈል 35።

ጀልባዋ አስራ ሁለት ሰው ነው የምትይዘው። በሰው 30 ዩሮ። ከትልቁ በአምስት ዩሮ ትበልጣለች፤ ለዚህች አምስት ዩሮ ብሎ ትልቁን የሚይዝ ሰው አለ፣ እኔም አንዷ ነበርኩ። ትንሿ ግን ውስጥ ትገባለች። ባለጀልባው የቱን ሰዓት እንደምንፈልግ ሲጠይቀን እማዬ በእኔ በኩል አስተረጎመች፤ «የጠዋት በለው። ውሃ የጠዋት ነው።» ጣና ላይ ያደገ ሰው ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚነሳ ያውቃል። ባለጀልባው ሳቀና ልክ ናት አለ፤ እዚያም ከሰዓት ይነፍሳል፣ ሞገዱም ያድጋል። ከሊዝበን የሚመጣው ሚኒባስ ውሃው ላይ የሚያደርሳችሁ መቼ መሰላችሁ? ከምሳ በኋላ ነው።

ዋሻው ጋ ስንደርስ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ በቀስታ አስገባን። ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ቢጫ፣ ብርቱካን፣ አንዳንድ ቦታ ነጭ፣ እንደ እንጀራ ቁልል በንብርብር። ባህሩ ከጎን፣ የዝናብ ውሃ ከላይ እየበሉት ነው እንዲህ የሆነው። ከጣሪያው ጠብታ ወርዶ እማዬ ነጠላ ላይ አረፈ። በተቀደደው በኩል የገባው ፀሐይ አሸዋው ላይ ክብ ሠርቷል። አሸዋው ላይ የሰው ዱካ የለም፤ የወፍ እግር ብቻ። እማዬ ቀና ብላ አየችና «ጉልላቱን የነቀሉት ጎጆ» አለች። ከዚያ አማተበች። ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ «በብር ስንት ነው?» አለችኝ።

የሰው ዱካ የሌለው በምክንያት ነው። ከፈረንጆቹ 2024 ጀምሮ ዋሻው ውስጥ ከጀልባ መውረድ ክልክል ሆኗል። ዋኝቶ መግባትም ክልክል ነው። ካያክ፣ ያቺ በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ጀልባ፣ ያለ አስጎብኚ አትከራይም። ይሄን ማወቅ ገንዘብ ያተርፋችኋል፤ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ ያሉት ማስታወቂያዎች ግማሾቹ አሁንም አሸዋው ላይ ተንጋሎ የተኛ ሰው ያሳያሉ። ፎቶው የድሮ ነው፣ ወይ ከሌላ የተወሰደ ነው። አሸዋው ላይ ሰው ካያችሁ ገጹን ዝጉት። ሌላም አለ፤ ያው አንድ ሚኒባስ፣ ያው አንድ ጉዞ በሦስት ስም፣ በሦስት ዋጋ ይሸጣል። እኔ 95 የከፈልኩበትን ወንበር አጠገቤ የነበረችው ፖላንዳዊት በ79 ነው የያዘችው። መሃል ላይ ያለው ደላላ የኢንተርኔት ሆነ እንጂ ደላላ መሆኑ አልቀረም።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉ ወይ ጻፉ። ጀልባው ስንት ሰው ይይዛል በሉ። ዋሻው ውስጥ ይገባል ወይስ አፉ ላይ ነው የሚቆመው? ባህሩ ከተቆጣ ሙሉ ገንዘብ ይመለሳል ወይስ «ሌላ ቀን ኑ» ነው የምትሉት? ከሊዝበን ለመጣ ሰው ሌላ ቀን የሚባል ነገር የለም። አስጎብኚ ድርጅት እዚያ አገር የመንግሥት ምዝገባ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ሲጠየቅ የሚንተባተብ ካለ ይቅርባችሁ። በደል ከደረሰባችሁ ደግሞ የቅሬታ መጽሐፍ አምጡልኝ በሉ። ፖርቱጋል ውስጥ ደንበኛ የሚያስተናግድ ድርጅት ሁሉ ያን መጽሐፍ የመያዝ ግዴታ አለበት። እኔ ይሄን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ካያክስ? ጓደኛዬ በ38 ዩሮ ሞክራዋለች። ጥሩ ነው፤ ጀልባ የማይደርስባቸው ጠባብ ዋሻዎች ውስጥ ትገባላችሁ። ግን ክንድ ይፈልጋል፤ እሷ ሁለት ቀን ትከሻዬን ብላ ተኝታለች። ውሃው በነሐሴ እንኳን ቀዝቃዛ ነው፤ አትላንቲክ ነው እንጂ ሜዲትራኒያን አይደለም። እንደኔ መዋኘት የማይችል የደጋ ልጅ ከሆናችሁ ላይፍ ጃኬቱ ቢኖርም ልባችሁ አይረጋም። በኔ በኩል የካያክ ነገር እዚህ ላይ አበቃ።

የገረመኝ ግን በነጻ ያለው ነው። ፕራያ ዳ ማሪኛ ከሚባለው ባህር ዳርቻ ቫሌ ሴንቲያኒስ እስከሚባለው ድረስ በገደሉ አናት የሚሄድ የእግር መንገድ አለ፤ ሰባቱ ተንጠልጣይ ሸለቆዎች ይሉታል። በአንድ አቅጣጫ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁሉን መሄድ ግድ አይደለም፤ ከማሪኛ ቤናዢል ያለው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ዋናውም እሱ ነው። ከላይ የዋሻውን ቀዳዳ በአጥር ዙሪያ ሆናችሁ ታዩታላችሁ። አጥሩን አትዝለሉ፤ ድንጋዩ ከታች ባዶ ነው፣ ይናዳል። ጥላ የሚባል ነገር የለም። ውሃና ባርኔጣ ያዙ። እማዬ በክፍት ጫማ ሄደችው፤ እናንተ እንደሷ አትሁኑ።

በማግስቱ ላጎስ ሄድን። (የናይጄሪያው ላጎስም ስሙን ያገኘው ከፖርቱጋሎች ነው፤ ሆቴል ስትይዙ አገሩን ሁለቴ እዩ።) እዚያ ፖንታ ዳ ፒዬዳድ የሚባል ገደል አለ። ውሃው ውስጥ እንደ ዓምድ የቆሙ ድንጋዮች፣ በመሃላቸው የሚሹለከለኩ ትንንሽ ጀልባዎች። ቤናዢል በሞገድ ምክንያት ቢዘጋባችሁ ይሄኛው ይክሳችኋል፤ ከላይ ከገደሉ ላይ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም።

የሊዝበኑ ሚኒባስም ላጎስ ያቆማል። ለአንድ ሰዓት ነጻ ጊዜ ብሎ ለቆን አስጎብኚው ያሳየን አይስክሬም ቤት ነበር። ከአይስክሬም ቤቱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ አደባባዩ ላይ አንድ ቤት አለ፤ የባሪያ ገበያ ሙዚየም። በፈረንጆቹ 1444 ከአፍሪካ በመርከብ የመጡ 235 ሰዎች እዚህ ከተማ ወርደው ተከፋፈሉ፣ ተሸጡ። አደባባዩ ላይ ደግሞ የፖርቱጋሉ ልዑል ሄንሪ ሐውልት ተቀምጧል፤ ቄስ ዮሐንስ የሚሉትን ክርስቲያን ንጉሥ ፈልጉ እያለ መርከበኞቹን ይልክ የነበረው። በኋላ ያ ንጉሥ የኛው ነው ብለው ነበር። በመጀመሪያው ጉዞዬ ይሄን ሁሉ አጠገቡ ቆሜ አይስክሬም በልቻለሁ። እማዬን ይዤ ስገባ የተጻፈውን ተረጎምኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ስማቸው አለ?» አለችኝ። ቁጥሩ ብቻ ነው ያለው አልኳት። ከዚያ ወጥተን ረጅም ሰዓት ወደቡ ዳር ተቀመጥን። የቸኮለ ሰው ይሄን አያገኝም።

ሊዝበን ያላችሁ ሰዎች ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከሊዝበን ፖርቲማው በሕዝብ አውቶቡስ እኔ ሳይ 14 ዩሮ ነበር፤ ደርሶ መልስ 28። አልጋ 35። ታክሲ ለሁለት ሲካፈል ሄዶ መመለሻው በሰው 18። ጀልባ 30። ምግብ ደግሞ አንድ የተጠበሰ ዓሣ ከድንች ጋር፣ ጠዋት ቡናና ዳቦ፣ 20። ድምሩ 131። ሚኒባሱ ያለ ስልክ ጥገናው 142 ነበር። በአስራ አንድ ዩሮ ርካሽ፣ ያውም ሁለት ቀን፣ ያውም ዋሻው ውስጥ። ይሄ የግንቦት ዋጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አልጋው እጥፍ ይሆናል፤ በመስከረም ይረክሳል። ክረምታቸው ላይ፣ ከኅዳር በኋላ፣ ጀልባ የሚሰረዝበት ቀን ስለሚበዛ ለዋሻው ብላችሁ አትሂዱ።

የሚኒባሱ ጉዞ ለማንም አይሆንም አልልም። ሊዝበን ለሥራ መጥቶ አንዲት ቀን ብቻ የተረፈችው ሰው፣ አቅጣጫ መፈለግ የማይወድ፣ «ባየው ይበቃኛል» የሚል፣ ይሂድ። ግን ትንሽ ጀልባ መሆኑን ያረጋግጥ። ምሳውንም ከሊዝበን ይያዝ።

እማዬ አሁን ባህር ዳር ተመልሳለች። በስልክ ስታገኘኝ ስለ ጎጆው ለጎረቤቶቿ እንዳወራች ትነግረኛለች። ዋጋውን እስካሁን በብር አልነገርኳትም።